ሆዳሟ የተነሳችበት ቀን

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለነጅሚያ ሙሐዲን

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ማለት ልማድ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች የምታነቢው በሙሉ ምሬት ስለሆነ ሰላምታውን አሁኑኑ ተቀብለሽ አስቀምጪው።

ደብዳቤሽን አባትሽ ከሱቃቸው ሰጡኝ። ከአቡጀዲ ጣቃ ሥር ከትተውት ስለሰነበተ አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ በዚህ ሰሞን ካሸተትሁት ነገር ሁሉ እሱ ይሻላል። ክረምቱ አልወጣም ብሎ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ባጃጁ ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወር ሊሞላው ነው፣ ስልኩም ሲያሻው ነው የሚሠራ። ትምህርት ቤት የምንሄደው ለፊርማ ብቻ ነው። እዚያም ጌጡ የሚባል አዲስ የኬሚስትሪ መምህር መጥቷል፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ያወጣውን አንድ በአንድ እያየ፣ መልሶ ይበላዋል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ከጠጣሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

"የምማረውን ለአባቴ ያስረዱልኝ" ብለሽኝ ነበር። አስረዳኋቸው። ሁለት ኮከቦች ናቸው አልኋቸው። አንዱ ወፍራም ነው፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ከወገቡ ዙሪያ ስቡ ይዘረገፋል። ሁለተኛዋ የሞተች ናት፣ ሬሳ። ስፋቷ ከዚህ እስከ ጋሳይ ከተማ ቢደርስ ነው፣ ክብደቷ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ይች ሬሳ በየመቶ ሰማንያ ሰባት ቀኑ አንድ ጊዜ ወደ ወፍራሙ ትጠጋና ያን ስብ ትጎርሳለች፤ ጎርሳም ዝም አትልም፣ በራጅ ጨረር ታስታውከዋለች። ጨረሩ አየራችንን አልፎ መሬት ስለማይደርስ ከጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ካልሆነ አያየውም። አባትሽ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉት።

"እንግዲህ አዲስ አበባ ድረስ የላክኋት ልጅ ሬሳ ሲያስታውክ ልታይ ነው?" አሉኝ።

አዎን አልኋቸው። "ሆዳሟ" የሚለውን ስም በዐሥራ አንደኛ ክፍል ያወጣሽላት አንቺ መሆንሽንም ነገርኋቸው። ሳቁ፣ ግን አልተደሰቱም።

አሁን ለቴሌስኮፑ ማመልከቻ ወደ ጠየቅሽኝ ቀን። በሰባት ዓመት ውስጥ ዐሥራ ሦስት ጊዜ ስትነሳ፣ ማለት ጎርሳ ስታስታውክ፣ በደብተሬ መዝግቤያለሁ። ኢንተርኔት በነበረበት ዘመን የጠፈር ቴሌስኮፖቹ የሚለቁትን ቁጥር ማንም ያገኘው ነበር፣ እኔም ከማንም አንዱ ነኝ። የመጨረሻው መጋቢት 20 ነበር። ከዚያ መቶ ሰማንያ ሰባት ቀን ስትቆጥሪ መስከረም 21 ላይ ታርፊያለሽ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ግድም። ልብ በይ፣ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት። እዚያ ያሉት ባለ ኮምፒውተሮች ስድስተኛዋን ቀን ረስተው 22 ይሉሽ ይሆናል። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ አልረሳኋትም።

በፈረንጅ ኦክቶበር 1 ነው። የኛን ቀን በፈረንጅ ከሚያሳየው ከግድግዳዬ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ድሮ ከጠመኔው ሣጥን በላይ ተለጥፎ የነበረው ነው።

መምህርሽ ዓለምነው

*

አዲስ አበባ፣ መስከረም 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሽ ዓለምነው

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዎ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ በሹፌሩ በሙሳ ሚኒባስ ደረሰኝ። ስለ ጌጡ ስንጥር የጻፉትን እራት ላይ ሳነብ እራቴን ተውሁት። ክፍል ውስጥ ሳለንም እንዲሁ ያደርጉን ነበር።

ማመልከቻችን ተቀባይነት አግኝቷል። ቴሌስኮፑን የሚያዙት ሰዎች በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ወደ ሆዳሟ እንዲያዩልን ፈቀዱ። ከኛ በፊት ያያት አለ ወይ ቢሉኝ፦ አዎን፣ ሌሎች አይተዋታል፤ ሁሉም የደረሱት ግን ካስታወከች በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያየ ሰው እስካሁን የለም። ብናይ የመመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው። ባናይ ዶክተር ታምራት በግልጽ ነግረውኛል፤ "ይህ ካልያዘ ሌላ ርዕስ የሚሰጥሽ ሰው አታገኚም" ብለውኛል። አማካሪዬ ናቸውና ፊርማቸውም አብሮ ይዋረዳል።

"ቀኑን የቆጠረው ማነው?" አሉኝ። መምህሬ አልሁ። "አጣርተሽዋል?" አሉኝ። አጣርቻለሁ አልሁ። ለእርስዎ ግን አልዋሽም፣ አላጣራሁም። ኦክቶበር 1 ያሉትን እንዳለ ነው የገለበጥሁት። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ቁጥር የሚያጣራ ልጅ በክፍላችን አልነበረም፤ ቢኖር ጆሮው እስካሁን ቀይ ነበር። የመምህርን ቁጥር ማጣራት የመምህርን ኪስ እንደ መፈተሽ ሆኖ ተሰማኝ።

አባቴን ሰላም ይበሉልኝ። ሬሳ የሚለውን ቃል ግን ይተዉላቸው፣ በስልክ ሲያገኙኝ ስለሱ ብቻ ነው የሚጠይቁኝ።

ተማሪዎ ነጅሚያ

*

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለነጅሚያ

ሰላምታ የለኝም።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የትምህርት ቤታችንን ሰባት መምህራን መንገድ ላይ አቁሜ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ "በዚች ደቂቃ ሆዳሟ እየተነሳች ነው፤ እኔ በሰጠሁት ቀን ከጠፈር ላይ እያዩዋት ነው" አልሁ። እኔ፣ በሕይወቴ ፉከራ የሚያስጠላኝ ሰው። ጌጡ እንኳ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

ከዚያ ወዲያ ካንቺ አንድ መስመር የለም። ነገሩን የሰማሁት ከአባትሽ ነው፤ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ "ቴሌስኮፑ ባዶውን ነው የተመለሰ አሉ፤ ኮከቡም በማግስቱ ተነሳ አሉ" አሉኝ። አሁን መምህራን ማረፊያ በገባሁ ቁጥር ጌጡ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ዳቦ እያኘኩ ነው የሚስቁ፣ ያኘኩት ይታያል።

ምን እንዳደረግሽ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው ያልሁሽ። የኛ ሦስት ሰዓት በፈረንጅ ዘጠኝ መሆኑን የአራተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። አንቺ "ሦስት" ብለሽ ጽፈሽዋል፤ ሌላ መልስ የለውም። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጠሽ የገዛ አገርሽ ሰዓት ጠፋሽ። በማግስቱ ተነሳች የሚሉትን ደግሞ አልቀበልም። ሆዳሟ የተነሳችው በመስከረም 21 ነው። አውቃታለሁ።

የሚያቅለሸልሸኝ መሳሳትሽ አይደለም። ሰው ይሳሳታል። አለማጣራትሽን በጽሑፍ ነግረሽኝ፣ እሱንም እንደ ቁም ነገር በአክብሮት ጠቅልለሽ መላክሽ ነው። ያ አክብሮት ስንፍና ነበር። ሰባት ዓመት የለቀምሁትን ወስደሽ እንደ ሱፍ ፍሬ ገለባ ተፋሽው።

ዓለምነው

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ዝም ያልሁት ስለ ሰዓት ለመከራከር አቅም አጥቼ አይደለም፤ የምጽፈው ቃል ጠፍቶኝ ነው። ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሱቁ በር ላይ መስማትዎ ከሁሉ ይበልጥ አሳፍሮኛል።

ነገሩ በኮሚቴ ተይዟል። ጥፋቱ "ያልተጣራ ቁጥር መላክ" ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠንን ሰዓት አባክነናል፣ ሁለተኛ እንዳይሰጡንም ተፈርቷል። ጥር 16 ይወስናሉ፤ ከትምህርቱ ሊያስወጡኝም ይችላሉ። እባክዎ ይህን ለአባቴ አይንገሩብኝ።

ስብሰባው ላይ ብስኩት ቀርቦ ነበር። አንዱ ሰውዬ "በገጠር ደብተር የተቆጠረ ቀን" እያለ ሲናገር ብስኩቱ ከአፉ እየበረረ ማመልከቻዬ ላይ አረፈ። ጠርጌ አልጨረስሁትም፣ እርጥብ ነበር። እርስዎን ያስታወክሁበት ጊዜ ነው ብል ይስቃሉ፤ ማለቴ ያስታወስሁበት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ያስጠላኝ የለም።

ስሕተቱ የማን ነው አሉኝ። የኔ ነው አልሁ። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልዘረዝርም። አንዳንድ ነገር ከተማሪ አፍ አያምርም።

ነጅሚያ

*

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለነጅሚያ

ስሕተቱ የኔ ነው ብለሻል። እኔም የምለው እሱን ነው፣ ተስማምተናል።

ዶክተር ታምራት "ለኮሚቴው የሚያውቁትን ይጻፉልን" ብለው በሙሳ እጅ ወረቀት ልከውልኝ ነበር። ጽፌላቸዋለሁ። "ቆጠራው ልክ ነው፤ ግድየለሽነቱ የተማሪዋ ነው" ብዬ ስሜንና ፊርማዬን አኑሬያለሁ። እንዳትሰሚው ከሌላ ብዬ ነው የምነግርሽ። ለአባትሽ አልነገርሁም። እንዲያውም በሱቁ በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ "ልጄን ተቀየሟት ወይ?" እያሉ ሲጠይቁኝ መልስ መፈለግ ሰለቸኝ።

ከእንግዲህ ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ዓለምነው

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 30

ለተከበሩ መምህሬ

አትጻፊ ብለውኛል፤ የበዓል ሰላምታ ግን ደብዳቤ አይባልም። እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረሰዎ። ዘንድሮ በዓሉ በ28 ስለሚውል፣ በ29 መስሎኝ እንዳላዘገየው ቀደም አድርጌ ለሙሳ ሰጠሁት። ክርስቲያን ጓደኞቼ "አንቺ እስላም ሆነሽ እንዴት አስታወስሽው?" አሉኝ። ቀን ማጣራት ለምጄ ነው አልኋቸው።

ለኮሚቴው የጻፉትን አነበቡልኝ፣ አሳዩኝም። የእጅ ጽሕፈትዎ እንደ ድሮው አይደለም። ጤናዎን ይጠብቁ።

ነጅሚያ

*

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለነጅሚያ

እንኳን አብሮ አደረሰን። ልጄ ብዬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ብል ምን መብት አለኝ ብዬ ብዙ አሰብሁና ጻፍሁት።

ሰላምታሽ ትናንት ደረሰኝ። ራስጌው ላይ "ታኅሣሥ 20፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 30" ይላል። ግድግዳዬን አየሁ፤ ወረቀቴ 29 ይላል። አሁንም ቀን ተሳሳተች ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና አከበብሁበት። ደስም አለኝ። ይህን ልብ በይልኝ፤ ያስተማርኋት ልጅ መሳሳቷን ሳገኝ ደስ አለኝ።

እስክሪብቶውን ሳልከድን ጎረቤቴ እመት አዛለች በአጥር በኩል ጠሩኝ።

"መምህር፣ ነገ ልደት ነው፤ ዶሮ አልገዙም እንዴ?"

"ነገ 28 ነው፣ እመት አዛለች። ልደት በ29 ነው" አልኋቸው።

"ኧረ ምን ነካዎ? ዘመኑ ዮሐንስ አይደለም? ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ልደት በ28 ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆነው ይኸን ያጡታል?"

ወደ ቤት ገብቼ ግድግዳዬ ፊት ቆምሁና እንደገና ቆጠርሁ። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን እንቁጣጣሽ በፈረንጅ አንድ ቀን ትዘገያለች፤ ከዚያ እስከ የካቲት 21 ያለው ቀን ሁሉ አንድ ይጨምራል። የግድግዳዬ ወረቀት ይህን አያውቅም፣ የሌላው ዓመት ነው። መስከረም 21 ኦክቶበር 1 አልነበረችም፤ ኦክቶበር 2 ነበረች። ሆዳሟ በ21 ተነስታለች ያልሁት እውነት ነው። ግሸን ማርያም ዕለት በዚያች ደቂቃ እየተነሳች ነበር፤ ቴሌስኮፑ ግን በዋዜማው አይቷት ሄዷል። በዋዜማው የላክሁት እኔ ነኝ። ስድስተኛዋን ቀን አልረሳኋትም ብዬ ፎከርሁብሽ። ስቆጥር ቆጠርኋት፣ ወደ ፈረንጅ ስለውጥ ረሳኋት።

ስንት ዓመት እንዴት አልያዘዎትም ትይ ይሆናል። ደብተሬን አገላብጬ አየሁ፤ ከነዚያ ዐሥራ ሦስት ጊዜያት አንዱም እንዲህ ባለው ወቅት አልወደቀም፣ በ2012 አንዱ በሁለት ቀን ብቻ አምልጧል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ማመካኛ ግን አይሆነኝም፣ ምክንያቱም የልደትን ቀን ከአባቴ እግር ሥር የተማርሁ ሰው ነኝ።

አንቺ ታውቂ ነበር። መቼ እንዳወቅሽ አልጠይቅም፤ ከኅዳሩ ደብዳቤሽ በፊት እንደሆነ አሁን ሳነበው ይገባኛል። "አንዳንድ ነገር ከተማሪ አፍ አያምርም" ያልሽውን ዕብሪት መስሎኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔን ነው።

ዛሬ ለበዓሉ ልላጭ መስተዋት ፊት ቆምሁ። ፊቴን አየሁና ምላጩን መልሼ አስቀመጥሁት። ስለ ጌጡ ስንጥር፣ ስለ ባጃጁ ጭቃ፣ ስለ ሰው ማኘክ ስንት ገጽ ጻፍሁልሽ። ሰው ሁሉ ሲያስጠላኝ ኖሮ እኔ ራሴን አንድ ቀን እንኳ አሽትቼ አላውቅም። ያቺ ፊርማዬ በዓይኔ ትመጣለች፤ "ግድየለሽነቱ የተማሪዋ ነው።" ባሰብሁት ቁጥር ወደ ላይ ይለኛል። የተፉትን መልሶ መብላት የጌጡ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ እኔም እበላዋለሁ።

የግድግዳውን ወረቀት ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ለኮሚቴው ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ የመጀመሪያው ሐሰት መሆኑን፣ ኦክቶበር 1 የሚለው ከእጄ መውጣቱን፣ አንቺም መምህርሽን አምነሽ መገልበጥሽን ሳልሸፋፍን ጽፌዋለሁ። ምስክር የሚሆነው ደብተሬ ነው። ሰባት ዓመት ከቤቴ አውጥቼው አላውቅም፤ ዛሬ ወደ አባትሽ ቤት ይዤው ሄድሁ። በበዓሌ ቀን እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። አይንገሩብኝ ያልሽኝንም አፈረስሁ፣ ይቅር በይኝ። አዳመጡኝና አዲስ አቡጀዲ ቀደው ደብተሩን ጠቀለሉት።

"ለሙሳ አልሰጠውም። ሱቁን ዘግቼ እኔው አደርሰዋለሁ" አሉኝ። "ሬሳው ያስታወከውን ግን ማን እንደሚጠርገው አሁን ነው የገባኝ" ብለው ጨመሩ። ይገባኛል።

በደብተሩ መጨረሻ ገጽ የሚቀጥለውን ቀን ጽፌያለሁ፤ መጋቢት 28። አጠገቡ የፈረንጁን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ አልሞላውም።

ዓለምነው

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ ዓለምነው

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከስምንት ቀን መንገድ በኋላ ደረሱ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የመጡት፤ ኬላ ላይ ሲፈተሹ "የኮከብ ነው" እያሉ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ግቡ ቢሏቸው "እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው" ብለው እንቢ አሉ።

ሁለተኛ ደብዳቤዎን ጮክ ብለው አነበቡት። ብስኩቱ ሰውዬ ደብተሩን አንድ በአንድ ገለጠና "ይህን ሁሉ በእጁ ነው የለቀመው?" አለ። እጁን ጠርጎ ነበር፣ አይቻለሁ። ስሜ ከጥፋቱ አልወጣም። አለማጣራቱ የኔ ነው አልሁ፣ እውነትም ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ተመዘገበ። ከትምህርቱ ግን አልወጣሁም። ዶክተር ታምራት ለሚቀጥለው መነሳቷ እንደገና ለማመልከት ፈርመዋል፤ በማመልከቻው ላይ ከኔ ስም በፊት የእርስዎ ስም አለ።

መቼ እንዳወቅሽ አልጠይቅም ብለውኛል፤ እኔ ግን እነግርዎታለሁ። ያወቅሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው። እርስዎ በሰዓት ሲቆጡኝ ሰዓቱን ሳጣራ ቀኑን አገኘሁት። ልነግርዎ አሥር ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። በገና ደብዳቤ ራስጌ ላይ ሁለት ቀን የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከዚያ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ተቀይሜዎት ነበር፣ አልደብቅም። ያቺን ፊርማ ሲያሳዩኝ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላኝ። አሁን እየተወኝ ነው፣ ገና ጨርሶ አልተወኝም።

የመጨረሻውን ገጽ ሞላሁት። መቶ ሰማንያ ሰባቱን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ አባቴ በሜትራቸው ላይ ጣታቸውን እያራመዱ ቆጠሩልኝ። መጋቢት 28 ኤፕሪል 6 ነው። ፈረንጆቹም ዘንድሮ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የራሳቸውን ትርፍ ቀን ስለሚጨምሩ፣ ከየካቲት 22 ጀምሮ የእርስዎ ወረቀት እንደገና ልክ ይሆን ነበር። ባያቃጥሉት ኖሮ ሦስት ዓመት ተኩል ያገለግልዎ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በእጄ ነው የጻፍሁት፤ በግራ በኩል የሌላው ጊዜ፣ በቀኝ በኩል ጳጉሜ ስድስት ስትሆን። ሳያጣሩት አይለጥፉት።

ነጅሚያ